በእናቴ አፍ የተሰጠ እጅ

መጀመሪያ የከዳችኝ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ናት። ልምምድ ላይ ነበርን። ከበሮ መቺው ቆጥሮ አስጀመረን፣ ባስ የሚጫወተው ጓደኛችን ተከተለው፣ እኔም ወደ ላይኛው ድምፅ ልወጣ እጄን ስዘረጋ ትንሿ ጣቴ ወደ መዳፌ ታጥፋ ቀረች። ደክሟት ይሆናል ብዬ አሸት አሸት አድርጌ ቀጠልሁ። በሳምንቱ ጎረቤቷን፣ የቀለበት ጣቴን፣ ይዛ ታጠፈች። ሽንኩርት ስከትፍ ደህና ናቸው፤ ስጽፍም ደህና ናቸው። ፒያኖው ፊት ስቀመጥ ብቻ፣ የተቆጣ ሰው እንዳዩ ልጆች ሁለቱ ተያይዘው ይደበቃሉ።

የምኖረው ስዊድን ውስጥ በአንዲት የወደብ ከተማ ነው። ሥራዬ ጃዝ ፒያኖ መጫወት፣ ዜማ መድረስና በአንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ማስተማር ነው፤ ወይም ነበር። ሐኪሞቹ እጄን አገላብጠው አዩ፤ በመርፌም ወጉት። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ከፊቷ አስቀምጣኝ፣ ችግሩ ከጅማቴ ሳይሆን ከአንጎሌ መሆኑን፣ አንድን ነገር ለብዙ ዘመን ደጋግመው በሚሠሩ ሰዎች ላይ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። ዕረፍት ሊረዳኝ ይችላል፤ ላይረዳኝም ይችላል አለች። አረፍሁ። በሽታው ግን ከፒያኖው ወንበር ተነሥቶ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። አንድ ቀን ማለዳ ለጸሎት ቆሜ ላማትብ ስል ጣቶቼ ተጨብጠው ግንባሬን በጡጫ ነካሁት። ወደ አገሬ የምሄድበትን የአውሮፕላን ትኬት የቆረጥሁት በዚያው ዕለት ነው።

እናቴ የሚኖሩት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞቱ በቤታችን የአባቱም የእናቱም ወንበር የእሳቸው ነበር፤ አንቱ እያልኋቸው ነው ያደግሁት። ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ዘመዳችን ቤት ያስቀመጡኝም እሳቸው ናቸው። ከተማው ውስጥ የኪነት ቡድን የሚለማመድበት አዳራሽ ነበር። በአዳራሹ ጥግ አንድ አሮጌ ኦርጋን ተቀምጦ ነበር፤ አንዳንዱ ቁልፉ የማይጮኽ፣ አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ከነኩት ዝም የማይል። ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድሁ በእሱ ላይ እውል ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ለገበያ መጥተው «ልጄ የት አለች?» ቢሉ ዘመዳችን እየመራች እዚያ አመጣቻቸው። ጨርሼ እስክዞር ድረስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ይኸ ጥርሳም ምን ይልሻል?» አሉኝ።

«የነካሁትን ያህል ይጮኻል እንጂ ምንም አይለኝ፣ እማ።»

«እኔስ የሚነክስሽ ነው የመሰለኝ።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የፒያኖ ስም ጥርሳሙ ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ሙዚቃ ልማር ስገባ እናቴ ለጎረቤት «አስተማሪ ልትሆን ነው» ብለው ነገሩ። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በትምህርት ቤቱ የነጮቹን ድርሰት እያነበብሁ ተማርሁ፤ ማታ ማታ ሆቴል እየተጫወትሁ ደግሞ ጃዝን በጆሮዬ ለቀምሁት። ከዚያ የውጭ ትምህርት ዕድል መጣ፣ ከዚያ የራሴ ቡድን፣ ከዚያ ተማሪዎች። ሕይወቴ ሲጻፍ አጭር ነው፤ ዘመኑ ግን በአንድ ወንበር ላይ ያለቀ ረጅም ዘመን ነው።

ሁለት ነገር ለራሴ ከልክዬ ነበር። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ወደ መጠጥ ቤት ይዞ መግባት ነው። ከዚያ ይልቅ ከአውድማ ወሰድሁ፤ በሬዎቹ እህሉን እያበራዩ የሚዞሩበትን ዙረት ለግራ እጄ፣ ከመንሽ ላይ የሚበተነውን ገለባ ለቀኝ እጄ ሰጥቼ የደረስሁት ዜማ ነው ሰው ያወቀልኝ። ሁለተኛው በዐቢይ ጾም መጫወት ነው። በጾሙ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከበሮዋንና ጸናጽሏን ታስቀምጣለች፤ እኔ ማን ነኝ? የምንጫወትበት ክለብ ባለቤት ይህን ሲሰማ «ያንቺ አምላክ ከሠራተኛ ማኅበራችን ይበልጣል፤ ይህን ያህል ዕረፍት ማኅበሩም አስፈቅዶ አያውቅም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በጥንቃቄ ስለኖርሁ ከእግዚአብሔር ጋር የተስማማሁ ይመስለኝ ነበር።

አገሬ ገብቼ እናቴ ቤት የደረስሁ ዕለት እጄን አይተው ራት ሊሠሩ ገቡ። ራት ላይ ግን እንጀራውን መቁረስ አቅቶኝ ስታገል እጄን በእጃቸው ገፋ አድርገው እንደ ሕፃን ያጎርሱኝ ጀመር። ጠግቤያለሁ ብላቸው አልሰሙኝም። ሲጨርሱ ጣታቸውን እየታጠቡ «ነገ ጸበል እንሄዳለን» አሉ።

ጸበሉ ከቡሬ መንገድ ተገንጥሎ በእግር ቁልቁል የሚወረድበት ገደል ሥር ነው። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከታች ምንጩ፣ በመካከሉ በሽተኞች የሚያድሩባቸው ጎጆዎች አሉ። ጎህ ሲቀድ እንጠመቃለን፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። እርጥቡን እጄን እምነት ይቀቡልኛል፤ ያ አመድ መሳዩ የተባረከ አፈር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፣ ከዚያ ቆሎ ቆርጥመን ውኃ እንጠጣለን። እናቴ ከእኔ ጋር ተጠምቀው፣ ልብሳቸው ሳይደርቅ አቀበቱን ወጥተው ግንባራቸውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ደፍተው ይቆያሉ። የሚሉትን አልሰማም ነበር። ሰው ከታቦት ጋር ሲነጋገር ጆሮ መጣል ነውር ነው።

በጎጇችን አብረውን እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። እጄን አገላብጠው አዩና «የኔ እጅና ያንች እግር ቢቀጠል አንድ ደህና ሰው ይወጣው ነበር» አሉኝ። «ቀሪውስ?» ብላቸው «ቀሪውን ለባሌ ዘመዶች» አሉ። ከጸበሉ ይልቅ የሚያድነኝ የባልቴቷ ሣቅ ነው እያልሁ በሆዴ እቀልድ ነበር። ያን ያህል ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ሱባኤው ሊያልቅ ሲል፣ ሴቶቹ የቆሎ ገብስ ሲለቅሙ ላግዝ ብዬ ሰፌዱን ወደ ጉልበቴ ሳብሁ። ጠጠር አንሥቼ እጥላለሁ፣ አንሥቼ እጥላለሁ። ባልቴቷ እጄን ትኩር ብለው ሲያዩ እኔም አየሁ። ትንሿ ጣቴ ቀጥ ብላ እንደ እኅቶቿ ተዘርግታለች። የቀለበት ጣቴም እንዲሁ። በሰፌዱ ጠርዝ ላይ አምስቱንም ከዳር እስከ ዳር አስሮጥኋቸው። ሄዱ፤ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። ባልቴቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሐኪሟን ቃል አልረሳሁም፤ ዕረፍት ሊረዳ ይችላል ብላለች። እኔ ግን የዳንሁበትን ውኃ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አልመረምርም።

እናቴ ሲነገራቸው አልጮኹም። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ከሳሙ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ላይ ወጡ። ከካህኑ ጋር ሲነጋገሩ ከታች ሆኜ አየኋቸው።

በእኛ አገር ስለት በጓዳ አያልቅም። የሰመረለት ሰው የተሳለውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ በሕዝቡ ፊት ይናገራሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። እልልታው ማኅተሙ ነው። የወሩ በዓል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ካህኑ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ልጇ በሰላም የተመለሰላት እናት ጥላ አስገብታለች አሉ፤ እልል ተባለ። ከብቱ ከበሽታ የተረፈለት ገበሬ ወይፈን ሰጥቷል አሉ፤ እልል ተባለ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኸባሕር ማዶ የመጣች እኅታችን እጇ ታስሮባት ነበር፤ ይኸው ተፈታላት። እናቷ ሲሳሉ፣ ልጄን ብትምርልኝ ፒያኖ የሚባለውን የዘፈን መሣሪያ ዕድሜ ልኳን በእጇ አትነካም ብለው ነው የተሳሉ። ስለታቸው ሰምሯል፤ እልል በሉ።»

መጀመሪያ የሌላ ሰው ስለት መሰለኝ። ከባሕር ማዶ የመጣች ሌላ ሴት አለች ወይ ብዬ ዞር ዞር አልሁ። የሚያዩት እኔን ነው። እናቴ ከፊት ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ የደስታ ለቅሶ ነው፤ እንደዚያ ያለ ፊት ኖሯቸው አላውቅም። ባልቴቷ በክርናቸው ጎሰም አድርገውኝ «እልል በይ እንጂ፣ ላንች እኮ ነው» አሉኝ። ሕዝቡ ሁሉ እየጠበቀኝ፣ እናቴ እያለቀሱ፣ ታቦቱ ከፊቴ፣ ምን አደርጋለሁ? አፌን ከፍቼ እልል አልሁ።

ወደ ቡሬ መንገድ የሚያወጣውን አቀበት እኩል ያህል ወጣን። ከዚያ ጠየቅኋቸው።

«ለምን አልነገሩኝም፣ እማ?»

«ስለት ኸመስመሩ በፊት ይነገራል?»

«የሰጡት እኮ የራስዎን አይደለም። የኔን ነው።»

ቆሙ። ዱላቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የኔ የምለው ምን አለኝ? ላም ብሳል በላም እጅ ይገዛል? እጅሽን ያህል ነገር ስለምን፣ ኸእጅሽ የሚመዛዘን ምን አለ ብዬ አሰብሁ። ያን ጥርሳም አገኘሁ። የማትወጅው ቢሆን ኖሮማ ለምን እሰጠዋለሁ? ለአምላክ የማይረባ ይሰጣል?»

ፒያኖውን ስለሚጠሉት ያደረጉት መስሎኝ ነበር። እሱ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ እናደድ ነበር። ምን ያህል እንደምወደው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው የሰጠብኝ።

በማግስቱ ለብቻዬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄድሁና ከመናኸሪያው በባጃጅ የነፍስ አባታችን ቤት ደረስሁ። ሸምግለዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ መጽሐፋቸውን ከአፍንጫቸው አስጠግተው ያነቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«አባ፣ ሰው በሌላ ሰው ነገር ይሳላል? እኔ እኮ አልተሳልሁም።»

«ክርስትና ስትነሽ ሰይጣንን እክዳለሁ ያልሽው አንች ነሽ?»

«የክርስትና እናቴ ናት።»

«በሌላ ሰው አፍ ታስረሽ ይኸው እስተዛሬ ክርስቲያን ነሽ። ያ ኻሰረሽ ይኸ አያስርሽም?»

«እሱንስ አድጌ በፈቃዴ ተቀብየዋለሁ። ይኸንን አልተቀበልሁም።»

መጽሐፋቸውን አጠፉ። «እልል ብለሻል?»

«ብያለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያ» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው መሰለኝ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «አይዞሽ። ስለት በስለት ይለወጣል። የተሳለው አፍ ራሱ መጥቶ፣ ከበደኝ ይበል። እኔም በምትኩ እንደ አቅሙ እሰጠዋለሁ፤ ስግደትም ይሁን ምጽዋት። እናትሽን አምጫቸው። ያለሳቸው ግን የኔ እጅ አይደርስም።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ካሉ አንችም እኔም እንጸልያለን።»

እናቴ እምቢ አሉ። ከበሩ ላይ ነግሬያቸው ሳልጨርስ ነው እምቢ ያሉት። «ኸታቦት ጋር የተዋዋልሁትን በቄስ ላፍርስ? እጅሽ ብቻ ተመልሶ ቢታመም በታደልን። ዐይንሽን ቢወስደውስ? ነፍስሽንስ?» አሉኝ። ለመንኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጭንቅላቴን እየዳበሱ «እጅሽ ደህና ሁኖ ብሞት ይሻለኛል» አሉ። ክፋት ቢኖርበት እሟገት ነበር። የያዛቸው ፍርሃት ብቻ ነው፤ ከፍርሃት ጋር ደግሞ ምን ክርክር አለ?

ብዙ አልቆየሁም። በአገሩ ላይ ወሬው ጥሩ አልነበረም፤ መንገዱ ዛሬ ተዘጋ፣ ነገ ተከፈተ ይባላል። እናቴ ራሳቸው «መንገዱ ሳይዘጋብሽ ውጭ» ብለው አጣደፉኝ። አውቶቡሱ ደምበጫ ላይ ምሳ ሊያበላን ሲቆም ሁሉም ወረደ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። ጤነኛ ነው። ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደግ ሰው ነው። ስዊድን ገብቼ እጄ መዳኑን ስነግረው አቀፈኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ያህል አስደገመኝ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው «እስኪ ሳትነኪ አስተምሪ፣ እናያለን» አለኝ።

ሳልነካ አስተማርሁ። ተማሪው ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ እዘምርለታለሁ። ኮርዱን፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ በአንድ ጉሮሮ መዘመር አይቻልም፤ ስለዚህ እየበታተንሁ፣ ከታች ወደ ላይ ድምፅ በድምፅ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይሰበስበዋል። አንዳንዶቹ በዚህ የተነሣ ጆሯቸው ከፊተኞቹ ተማሪዎቼ ይልቅ ተሳለ፤ ይህን አልክድም። ግን እጅ ከእጅ የሚወስደው ነገር አለ። ጣት ቁልፉን ከመልቀቁ በፊት የሚዘገይባትን ያቺን ትንሽ ጊዜ በምን ዘምሬ ላሳይ? አንዲት ምላሷ የማያርፍ ተማሪ አለችኝ። አንድ ቀን በጓደኞቿ ፊት «መምህርት፣ የዋና አስተማሪዬም አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። ኋላ ስንሰማ መዋኘት አይችልም» አለች። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

የአውድማውን ዜማ ለአንድ ወጣት ፒያኒስት ሰጠሁት። ጎበዝ ነው፣ ያነበበውን አይስትም። ሲጫወተው ግን ግራ እጁ ይቸኩላል።

«በሬዎቹ እየሮጡ ነው» አልሁት።

«የምን በሬ?»

ሁለት መሥመር ብጫወትለት ይገባው ነበር። ወለሉን በእግሬ እየመታሁ፣ በክፍሉ መካከል እየዞርሁ አሳየሁት። ዐይኖቹ ተከተሉኝ፤ ሳያፍርብኝ አልቀረም። በኮንሰርቱ ላይ በሬዎቹ ሮጡ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ቤቴ ያለውን ፒያኖ አልሸጥሁትም፤ በነጭ ጨርቅ ሸፈንሁት። ዜማ ስደርስ በእርሳስ፣ በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እየጻፍሁ ሳላውቀው ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ይጫወታሉ። ድምፅ የለውም፤ እንጨት ነው። ይህስ ስለቱን ይነካል? ጠረጴዛ ፒያኖ አይደለም። ግን እጄ የሚያስበው ፒያኖ ነው። በጾሙ መግቢያ ይህንንም ተውሁት፤ መዳፌን ከጭኔ ሥር አድርጌ ቁጭ ብዬ ዜማውን እሰማና ተነሥቼ እጽፈዋለሁ። እጄ ሲታመም ሰው ያዝንልኝ ነበር፤ ሐኪም ነበረኝ፣ ተስፋም ነበረኝ። ለጤነኛ እጅ ወዴት ይኬዳል? አንዳንድ ቀን፣ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ ምነው ባልዳነ እላለሁ። እንዲህ ያልሁ ዕለት አልቆርብም።

በዚያው ጾም ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። የጃዝ ፒያኖ መምህርነቱ ቦታ የሚጫወት ሰው ይፈልጋል፤ ከዚህ በላይ ሊያቆይልኝ አልቻለም። ከፋሲካ በኋላ በመምህራኑ ኮንሰርት ላይ የምትጫወቺ እንደሆነና እንዳልሆነ ቁርጡን ንገሪኝ አለ። ካልተጫወትሁ ቦታው ለዚያ ወጣት ይሰጣል።

የእናቴ አንድ ቃል ነው የቀረኝ። እሷን ቃል ለማግኘት ግን ስልክ የለም። በጎጃም ኔትወርክ ከተቋረጠ ወራት አልፏል። ፍኖተ ሰላም ያለችው ዘመዳችን ዘንድ በየቀኑ እደውላለሁ፤ ያቺ የተቀዳች ሴት ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች። በስግደቴ ፒያኖውን ለመለመን አልደፈርሁም። እናቴ ለገበያም ለምንም ብለው ከተማ እንዲወጡ፣ በዚያው ሰዓት መስመሩ እንዲከፈት፣ ይህን ብቻ ለመንሁ።

ሕማማት ሊገባ ሲል፣ እኩለ ቀን ላይ ተማሪ ፊት ቆሜ፣ በደንቡ ማጥፋት የነበረብኝ ስልኬ ጮኸ። ዘመዳችን ናት። «ያዣቸው፣ እናትሽ ናቸው» ብላ አቀበለች። ማንኩሳ ድረስ በእግራቸው፣ ከዚያ በጋሪ ነው የመጡት፤ ኔትወርኩ ተከፈተ ሲባል ሰምተው። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱኝም።

«እጅሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እማ።»

«ትንሿስ?»

«እሷም ደህና ናት።»

«እሰይ። ምን ትሠሪበታለሽ?»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍሁ። «እጽፍበታለሁ። አበስልበታለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ከኋላቸው የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሚጠራራ ሰው ይሰማል። በሕይወቴ ለእናቴ ብዬው የማላውቀውን ቃል አወጣሁ። «እማ፣ ከበደኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ትንፋሻቸው ተሰማኝ። «አባ እዚህ የሉም» አሉ ቀስ ብለው። «ቡሬ ናቸው ይላሉ። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ። ሄጄ፣ ከበደን እላለሁ።»

አለቀስሁ መሰለኝ። አላስታውስም።

«ግን እጅሽ ተመልሶ ቢታመም» አሉ፣ «እንዳትነግሪኝ። እንደዳነ ነው የማውቀው።»

ይቅርብኝ፣ አይሂዱ ልላቸው ፈለግሁ። ፈጥነው ይሂዱልኝ ልላቸውም ፈለግሁ። ሁለቱም አብረው አፌ ላይ ደረሱ፤ የቱ ይወጣ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ሳልናገር መስመሩ ሞተ። መልሼ ብደውል ያቺ የተቀዳች ሴት ናት። በማግስቱም እሷው ናት። ስቅለት ዕለት ስሰግድ ሳለሁ፣ እናቴ በዚያ ሽምግልናቸው በተዘጋ መንገድ፣ የሚፈሩትን ነገር በአፋቸው ሊያመጡ ሲሄዱ በዐይነ ሕሊናዬ አየሁ። ደርሰው ይሁን ተመልሰው፣ ደህና ይሁኑ አይሁኑ፣ የማውቀው የለም።

ፋሲካ አለፈ። ኃላፊው ጠራኝ።

«ወሰንሽ?»

«ገና ነኝ።»

«እጅሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«መጫወት አትፈልጊም?»

«ከምንም በላይ እፈልጋለሁ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«እናቴ እስኪደውሉ ነው» አልሁት።

ሽበቴን አየ። መሣቅም መቆጣትም አማረው መሰለኝ፤ ሁለቱንም ተወው። በመስኮቱ ወደ ወደቡ እየተመለከተ ከዚህ በላይ ሊጠብቅ እንደማይችል ነገረኝ። ለወጣቱ እንደሚሰጠው፣ ለእኔ ግን ጀማሪ ልጆች ድምፅ መለየት የሚማሩበትን ክፍል እንደሚያቆይልኝ፣ እዚያ ፒያኖ እንደማያስፈልግ አስረዳኝ። አመሰገንሁት። የፒያኖውን ክፍል ቁልፍ ከቁልፎቼ መካከል ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።

ወጥቼ ከበሩ ተመለስሁ። በትምህርት ቤቱ ደንብ መምህር ክፍል ውስጥ ስልኩን ያጠፋል። የእኔን ክፍት እንድተወው ፍቀድልኝ አልሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ፈቀደልኝ።